ሁለተኛ ሽጉጥ ለሮክሳንዳ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኦብሬን! አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩን አላወቅሁትም። … የሱቅ ስልክ? የምን ሱቅ? … ቆይ፣ መጀመሪያ ደህንነትህን ንገረኝ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ እህት አለችኝ ብለህ የምትደውል ሰው አልነበርክም። ልጁ ደህና ነው? … እሰይ። ሚስትህስ? … እሰይ።

— እማ? እዚሁ ናት፣ ድንች ትልጣለች። … እማ፣ ኦብሬን ነው! ሰላም ይልሻል! … ቀና ብላ አየችኝና ወደ ድንቿ ተመለሰች። … እንጃ። ከእሁድ ጀምሮ እንዲህ ናት። ስጠይቃት ጉልበቴ ነው ትላለች። ጉልበት ደግሞ መቼ ምላስ ያስራል?

— ምን? … ድገመው እስቲ። … ስጦታ? ለኔ? … ኦብሬን፣ እኔ የተወለድኩት በየካቲት ነው፤ አሁን መስከረም ነው። ያውም እኔ ሳስታውስህ ካልሆነ አስታውሰህ አታውቅም። … እሺ፣ አልሳደብኩም። ምንድን ነው ስጦታው? … ሽጉጥ?!

— ጮክ ብለህ አውራ፣ ለምን ታንሾካሹካለህ? … ባለሱቁ አጠገብህ ስለቆመ? ታዲያ የሽጉጥ ሱቅ ውስጥ ስለ ሽጉጥ ማውራት ምን ያሳፍራል?

— እሱማ እውነት ነው። ብዬ ነበር። ለልምምድ የሚሆን ሁለተኛ ርካሽ ሽጉጥ ባገኝ የአባባ ሽጉጥ ያርፍልኝ ነበር ብዬ ነበር። ግን ያን ያልኩት ፋሲካ ላይ ነው። የበግ ጥብስህን እየጎረስክ ግድግዳ ግድግዳ ስታይ ነበር እኮ። ለካ ትሰማኝ ነበር! … አይ፣ ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል እያልኩህ! ደስ ሲለኝ ድምፄ እንዲህ ነው።

— እሺ፣ ምን ምን አለው? … የሚያብለጨልጭ? … ትንሽ፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ። ኦብሬን፣ እኔ የእጅ ቦርሳ ይዤ ስዞር የት አየኸኝ? እኔ ከሃያ አምስት ሜትር ላይ የዒላማ ወረቀት የምመታ ሴት ነኝ። አፈሙዙ ጣት የምታህል ሽጉጥ ምን ትሠራልኛለች? ደግሞ የኔን እጅ ታውቀዋለህ። የአባባን እጅ ነው የወረስኩት። ሁለቱ ጣቶቼ አየር ላይ ሊንጠለጠሉ ነው? … ባለሱቁ ለሴት ይሆናል አለ? ለሱ ሴት ይሁንለት። መልሰው።

— ሌላስ? … የሩሲያው ማካሮቭ። እሺ፣ ይሄ ዕቃ ነው። መጥፎ አይደለም። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ለሌላ ሰው ቢሆን ግዛው እልህ ነበር። ለኔ ግን አይሆንም። … ጥይቱ ነዋ! የአባባ ጥይት ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው። የዚያኛው አጭርና ወፍራም ነው። አይገጥምም። … አይ አንተ ሰው! ስማኝ። ሁለተኛ ሽጉጥ ማለት የመጀመሪያው ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ከአንድ ማዕድ መብላት አለበት። አንድ ዓይነት ጥይት ገዝተህ ለሁለቱም ታጎርሳለህ። የጥይት ካዝናው ሲጠፋ ያንዱን ላንዱ ትሰጣለህ። እጅህ አንዱን ከለመደ ሌላውንም ያውቀዋል። ርካሽ ነው ብለህ ጥይቱ የማይገጥም ከገዛህ፣ ሁለት ቤት ነው የምታስተዳድረው።

— ስለዚህ የሰርቢያው የክራጉየቫጽ ፋብሪካ ሥሪት አሮጌ አለህ ወይ በለው። ልክ እንደ አባባ ያለ። … አለው? በስንት? … ሁለት መቶ አርባ ዩሮ። ጥሩ ዋጋ ነው። በል ባዶ መሆኑን ራሱ ባለሱቁ ከፍቶ ያሳይህ፣ ከዚያ በርሜሉን ወደ መስኮቱ አቅጣጫ አድርጎ ያሳይህ። ምን ታያለህ? … ጥቁር ነጠብጣብ? ዝገት በልቶታል። ተወው። ሌላ የለውም?

— የለውም። እንግዲያው ዛሬ አትግዛ። ምን አስቸኮለህ? ደግሞ የግዢ ፈቃዱን ፖሊስ የሚሰጠው በኔ ስም ነው። እንደ ዳቦ በብብትህ ይዘህልኝ አትመጣም። ባለሱቁ ያስቀምጥልኝ፣ የሚመጣው ወር ላይ ራሴ …

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ምን አልክ?

— አይ፣ ማካሮቩን ማለቴ አይደለም፣ አሁን ያልከውን። … "ጥይቱ ቢለያይ ምን አለ፣ የምትተኩሺው በዚህ ብቻ ነው።" ነው ያልከው?

— በዚህ ብቻ? … ምን ማለት ነው በዚህ ብቻ? … አታድበስብስ። ሁለተኛ ሽጉጥ ነው እየገዛህልኝ ያለኸው። ሁለተኛ ካለ አንደኛ አለ። አንደኛው የት ሄዶ ነው በዚህ ብቻ የምተኩሰው?

— ስለ ዋጋው ተወኝ፣ የጠየቅሁህን መልስ!

— እማ። … እማ፣ ወደኔ እይ። ኦብሬን እሁድ እዚህ መጥቶ ነበር? እኔ ፋርማሲ ተረኛ ሳለሁ? … እማ፣ ድንቹን አስቀምጪው!

— ስልኩን እንዳትዘጋ። ብትዘጋው ተሳፍሬ ያለህበት ፖድጎሪጻ ድረስ እመጣለሁ፣ ሱቁ ውስጥ በዚያ ሁሉ መሣሪያ መሀል በጥፊ ነው የማጮልህ። ቆይ። … ቁልፉ ቦታው አለ። የአባባ ካፖርት ኪስ ውስጥ። ከኔና ከእማ በቀር ማንም አያውቀውም። … የብረት ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። … ከፈትኩት። ወረቀቱ አለ። ትርፉ ካዝና አለ። የሽጉጡ ማኅደር አለ፣ ይከብዳል … ተመስገን፣ እኔ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው የጠረጠርኩት …

— …

— ጨው ነው።

— ጨው ነው እያልኩህ! ጨው! አንድ ኪሎ የገበታ ጨው፣ ከነላስቲኩ! … ማን አስቀመጠው ትለኛለህ? አንተ ለዚህ የሚሆን ጭንቅላት የለህም፣ እማ ናት። ሳነሣው እንዳይቀለኝ! … እማ፣ መዝነሽ ነው ያስገባሽው? በሚዛን ነው በግምት? … ይኸው በቢላዋው የጠረጴዛውን ልባስ ትፍቃለች።

— አንተስ ምን ተረፈህ፣ ዓይንህን የምትታጠብበት ጨው መሆኑ ነው! ታጠብበት! የት ነው? … የት ነው ያለው አልኩህ! … ባለሱቁ ይስማ! ጎረቤቱም ይስማ! የአባቴ ሽጉጥ የት ነው?

— ለአበልጅ?

— ለቩኮታ? … ሰጠኸው? … ሰጠኸው ማለት አሳየኸው ነው፣ አዋስከው ነው፣ ወይስ … ሰጠኸው። እሁድ፣ በቤታቸው ዝክር ላይ። ሰው ሁሉ ባለበት። … አዎ፣ ልጅህን ክርስትና እንዳነሣ አውቃለሁ፣ እዚያው ቆሜ ነበር እኮ! … አዎ፣ የወርቅ መስቀል አሰረለት። አየሁት። አማረ። ታዲያ አንተም በጊደር መልስለት! በጠቦት መልስለት! በራስህ ሰዓት መልስለት! የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?

— ምን አልክ አንተ? … "የወንድ ልጅ ነው።" በል እስቲ ድገማት። … አልደግምም? ጥሩ። እንዳትደግማት።

— አሁን አንተ ስማ። አባባ ሞቶ አይደለም የወረስኩት። በቁሙ ነው የሰጠኝ። ክንዴን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ ጸሐፊውን "በልጄ በሮክሳንዳ ስም አዙርልኝ" ብሎ፣ የፈረመበት ቦታ እንኳ መስመሩን ስቶ ነው፤ ዓይኑ ጠፍቶ ነበራ! ያኔ አንተ መርከብ ላይ ትሠራ ነበር። … አልወቅስህም፣ እንጀራህ ነው። ግን አምስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ተኩስ ሜዳ ወንበር ይዤለት የሄድኩ እኔ ነኝ። የዒላማውን ወረቀት አያየውም። ድምፁን ሰምቶ ነው፣ "ምላጩን ስትስቢ ነጠቅሽው፣ ግራ ሄደብሽ" የሚለኝ። ሄጄ ሳየው ግራ ነው። ሌላ ሰው ሲተኩስ እንኳ አንገቱን አያዞርም ነበር። የዚያችን ሽጉጥ ድምፅ ነበር የሚያውቀው። ገባህ? እኔን የሚያየኝ በሷ ነበር።

— አታልቅስ። … አታልቅስ፣ ባለሱቁ ቢያይህ ሽጉጥ አይሸጥልህም።

— ሚስትህ ታውቃለች? … አታውቅም። ከእማ ጋር ብቻ ተመካከራችሁ። … እማ፣ ለምን? … አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ለምን? … ሰማሃት? "እሱ ወንዱ ነው፣ የቤቱን ስም የሚያስጠራው እሱ ነው" ትላለች። እኔ ምኑን ነው የምጠራው፣ እማ? የመድኃኒትሽን ሰዓት ነው? … ይቅር። ከሷ ጋር በኋላ እንነጋገራለን።

— አሁን ወደ ጉዳዩ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የፈቃድ እድሳት አለኝ። … አዎ፣ ከነገ ወዲያ ሐሙስ! ሽጉጡን ይዤ ቀርቤ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያያሉ። አስበው እስቲ። የመቶ አለቃው ፊት ማኅደሩን ልከፍትና ጨው! "ይቅርታ ጌታዬ፣ ምሳዎን አልጫ ነው አሉኝ።" … አትሳቅ! እኔ ልናገር እንጂ አንተ አትሳቅ!

— ከዚያ ምን ይሆናል መሰለህ? በስሜ የተመዘገበ ሽጉጥ ጠፋ ማለት ነው። ጠፋብኝ ካልኩ ለምን አላመለከትሽም ነው። ሰጠሁ ካልኩ ያለ ወረቀት ለምን ሰጠሽ ነው። ፈቃዴ ይነጠቃል፣ ስሜ ይጠፋል፣ ዳኛው ፊት እቆማለሁ። አበልጅህም ቢሆን አይድንም። ወረቀት የሌለው መሣሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ እንግዳ ያስደንቅ ይሆናላ። … ሰቅሎታል? እውነት ሰቅሎታል? ከአያቱ ፎቶ ሥር? አቤት ጌታዬ!

— ስለዚህ አሁን ተነሥ። መኪናህ ውስጥ ግባ፣ ቩኮታ ቤት ሂድ፣ "አበልጄ፣ ተሳስቼ ያንተም የኔም ያልሆነ ነገር ሰጠሁህ፣ መልስልኝ" በለው።

— አትችልም? … ምን ማለት ነው አትችልም? እግር የለህም?

— አውቃለሁ። … አውቃለሁ ኦብሬን፣ እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግኩት! ለአበልጅ የተሰጠ አይጠየቅም። ከአያቶቻችን ጀምሮ አንዱ የሌላውን ልጅ ሲያነሣ ሦስት ትውልድ ሆነ። አውቃለሁ። ብትጠይቀው ይሰጥሃል፣ ከዚያ ግን ደጁን ዳግመኛ አትረግጥም፣ ልጅህም ክርስትና አባት የሌለው ይሆናል። … አዎ፣ ሰውም ያወራል። አዎ፣ እስከ ኮላሺን ከተማ ድረስ ያወራል። ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው ጨርቅ ሸፍነህ ይዘህለት የሄድከው?

— እኔ ልሂድ? … እኔ ብሄድማ የባሰ ነው። "ወንድምሽ በአደባባይ የሰጠኝን አንቺ በጓሮ ልትወስጂ መጣሽ?" ይለኛል። ከዚያ ሁለታችሁ ወንዶቹ ተቃቅፋችሁ አረቄያችሁን ትጠጣላችሁ፣ ነገር ያበላሸችው ሮክሳንዳ ትሆናለች። ያን መንገድ እንኳ አውቀዋለሁ፣ ተመላልሼበታለሁ።

— ሰው ከዋሸ አይቀር ደህና አድርጎ ይዋሽ! በማካሮቭ ልትደልለኝ! የአባቴን ሽጉጥ ወስደህ፣ ከሱቅ ደውለህ፣ "እህትዓለም፣ ስጦታ ልግዛልሽ፣ የትኛው ይሻልሻል?" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔም ቁጭ ብዬ በርሜል አስፈትሻለሁ! ካዝና እጠይቃለሁ! ደስ ብሎኝ እኮ ነበር፣ አንተ ጉድ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ወንድሜ አስታወሰኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

— … አይደለም፣ ይሄን ያልኩት ይቅር እንድልህ አይደለም።

— ስማ። የመጨረሻውን ልንገርህ። አሁን ስልኩን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ እደውላለሁ። ሽጉጤ ተሰረቀ እላለሁ። ማን ወሰደው ሲሉኝ ስምህን እናገራለሁ። የት ነው ሲሉኝ የቩኮታን በር እናገራለሁ። … ሥራህን ታጣለህ፣ አዎ። የምትሠራበት ጉምሩክ እንዲህ ያለ ሰው አያቆይም፣ አዎ። … ልጅህን አትጥራብኝ! ልጁ አንድ ዓመት አልሞላውም፣ ሽጉጥ አልሰረቀም! … ታዲያ ምን ላድርግ? አንተ አትሄድ፣ እኔ አልሄድ፣ ሐሙስ አይቀር! ንገረኝ እንጂ! ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ!

— …

— ሄሎ? አለህ? … የለህም ማለት ነው፣ መንገድ የለህም። በል እንግዲህ፣ ደህና …

— ቆይ። … እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ተቀመጪ፣ ጉልበትሽን። … ቆይ ኦብሬን፣ እማ ሽርጧን ፈታች። ጥቁር ሻሿን እያሰረች ነው። የአባባ ቀብር ጊዜ የነበረውን። … እማ፣ ወዴት ነው? … ምን? … ጮክ በይልኝ እስቲ።

— …

— ኦብሬን። ሰማሃት? … አልሰማህም? ቩኮታ ቤት ልሄድ ነው ትላለች። … እሷ ናት እንጂ! ቆይ፣ እንዳለችው ልንገርህ። "የተሰረቀ ነገር ስጦታ አይሆንም። ኦብሬን የሰጠህ የተሰረቀ ነው፣ ሌባዋም እኔ ነኝ፤ ከልጄ ከሮክሳንዳ ሰረቅኋት። ይህን ለቩኮታ ራሴ እነግረዋለሁ" ነው የምትለው። … "ሽጉጡን አውርዶ እጄ ላይ እስኪያኖር ቤቱ ውስጥ ውኃ አልቀምስም። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ሴትዮ ጦሜን እምድጃው አጠገብ ሊያሳድረኝ ከቻለ ያሳድረኝ" ትላለች።

— አይችልም። … አዎ፣ አይችልም። ማንም አይችልም። እሷ ከገባች ሰጪም አላስመለሰ፣ ተቀባይም አልተነጠቀ፣ አበልጅነቱም አይፈርስም። ሌብነቱ የሷ ይሆናል፣ በቃ። አገር የሚያወራው እሷን ነው።

— አሁን አፈርክ? … አሁን ገና ነው ያፈርከው? እኔ ዳኛ ፊት እቆማለሁ ስልህ "እህትዓለም አስቢበት" ነበር የምትለው። … እማ! "አትሂጅብኝ፣ እኔው እሄዳለሁ" ይልሻል! "ዛሬውኑ እሄዳለሁ፣ እኔው እላለሁ" ይላል! እያለቀሰ ነው! … ኦብሬን፣ የሷን መልስ ልንገርህ? "እሱ ቩኮታ ሰፈር መግቢያ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጣል" ነው ያለችው። ጫማዋን እያጠለቀች። ቀና እንኳ ሳትል።

— እኔ አላልኩም፣ እሷ ናት ያለችው! ዐርባ ሁለት ዓመት የምታውቅህ እሷ ናት!

— አይ፣ መኪና ይዘህ እንዳትመጣ። አንተ እስክትደርስ እሷ አትጠብቅም፣ በሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ነው የምትለው። … መምጣት ከፈለግህ ቩኮታ ቤት ና። ከውጭ አትቁም፣ ግባ፣ አጠገቧ ቁም። ስትናገር ዓይንህን መሬት ላይ አትትከል። … አላውቅም። ይቅር እልህ እንደሆን አላውቅም፣ ዛሬ አትጠይቀኝ። ለባለሱቁ ማካሮቩን መልስለት፣ እግዜር ይስጥልኝ በለው።

— እማ፣ ቆይ እንጂ! በሩን ክፍት አድርጋው ወጣች። ኦብሬን፣ ዝጋ፣ ዝጋ … ምን? አይ፣ አልታረቅኋትም። ከሷም ጋር ተጣልቻለሁ፣ መንገዱን ሁሉ አላናግራትም። ግን አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ አራት ፎቅ ነው፣ እሷ ደግሞ ግድግዳ ይዛ ነው የምትወርደው። ክንዷን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል።

— እማ! አንድ ደረጃ እንዳትወርጂ! መጣሁ!